የአገር ዶሜይን ስም አመዘጋገብና አጠቃቀም፦ ከደንቡ እስከ እድሳቱ

ዶት ኢቲ፣ ዶት ዩኬ፣ ዶት ዲኢ፣ ዶት ኬኢ በመሳሰሉ ሁለት ፊደላት የሚያልቅ የድረ ገጽ አድራሻ የአንድ አገር ወይም ግዛት ኮድ የተሸከመ ስም ነው። ይህን ስም ለማስመዝገብ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ነገሩን እንደ ማንኛውም ግዢ ይመለከተዋል፤ ስሙን ይመርጣል፣ ይከፍላል፣ ከዚያ በኋላ የራሱ ንብረት እንደሆነ ያስባል። በሕጉ ግን የዶሜይን ስም የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜና በተወሰነ ደንብ የመጠቀም መብት ሆኖ ነው፤ መብቱም የሚጸናው መዝገቡ ላይ ለተጻፈው ሰው ወይም ድርጅት ብቻ ነው። በአገር ዶሜይን ላይ ደንቡን የሚያወጣው አገሩ ራሱ ወይም ኃላፊነቱ የተሰጠው ተቋም በመሆኑ፣ ለዶት ኮም የለመድነው አሠራር እዚህ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ቴክኒኩን በየደረጃው ባስረዳም፣ ይበልጥ የምቆየው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው፦ ደንቡ ምን ይላል? መዝገቡ ላይ የተጻፈውስ የማን ስም ነው? በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ደንቡን ከምንጩ ማንበብ

የአገር ዶሜይኖች ኮድ የሚወሰደው አይኤስኦ 3166 ከሚባለው ዓለም አቀፍ የአገሮች ኮድ ዝርዝር ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ 249 ባለ ሁለት ፊደል ኮዶች አሉ። ጥቂት ልዩነቶች መኖራቸው አልቀረም። ለምሳሌ ዩናይትድ ኪንግደም በዝርዝሩ ላይ ጂቢ ተብላ ብትመዘገብም፣ ከ1985 ጀምሮ የምትጠቀምበት ዶሜይን ዶት ዩኬ ነው። የኢንተርኔት ስሞችንና ቁጥሮችን ምዝገባ ያስተዳድር የነበረው ጆን ፖስቴል በ1994 የጻፈው አርኤፍሲ 1591 የተባለው ሰነድ እንደሚያስረዳው፣ የአንድን ኮድ መዝገብ የሚይዘው አካል ለአገሩ ሕዝብና ለዓለም አቀፉ የኢንተርኔት ማኅበረሰብ ባለአደራ ነው። ባለአደራው በአንዱ አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በሌላው ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር፣ በሌላው ደግሞ የቴሌኮም ድርጅት ይሆናል፤ በ1995 የተመዘገበው ዶት ኢቲ በኢትዮ ቴሌኮም ሥር ይገኛል።

እዚህ ላይ ሦስት ወገኖችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ሬጂስትሪ የሚባለው የኮዱን ዋና መዝገብ የሚይዘው ባለአደራ ነው። ሬጂስትራር የሚባለው ከሬጂስትሪው ፈቃድ አግኝቶ ለደንበኞች ምዝገባውን የሚያስፈጽመው ድርጅት ነው። ሦስተኛው ተመዝጋቢው፣ ማለትም እርስዎ ነዎት። በአንዳንድ አገሮች ሬጂስትሪው ራሱ በቀጥታ ለሕዝብ ይመዘግባል፤ በሌሎች ደግሞ ያለ ሬጂስትራር ማመልከት አይቻልም።

ደንቡን ለማግኘት ትክክለኛው መንገድ በፍለጋ ገጽ ላይ ቀድሞ በሚወጣው ማስታወቂያ መጀመር አይደለም። የዶሜይኖችን ሥረ መዝገብ፣ ማለትም እያንዳንዱን ኮድ ማን እንደያዘው የሚናገረውን የበላይ ዝርዝር፣ የሚጠብቀው አያና በድረ ገጹ ላይ የሁሉንም ኮዶች ዝርዝር አውጥቷል፤ የሚፈልጉትን ኮድ ሲከፍቱ ባለአደራው ማን እንደሆነና የምዝገባ መረጃ የሚገኝበት ገጽ የትኛው እንደሆነ ያሳይዎታል። ወደ ባለአደራው ገጽ ከገቡ በኋላ ፈቃድ ያላቸውን ሬጂስትራሮች ዝርዝርና የምዝገባ ደንቡን ያገኛሉ። ደንቡ አሰልቺ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም የአንድ ሰዓት ንባብ ከብዙ ወር ክርክር ያድናል።

በንባቡ ጊዜ በጥንቃቄ የሚታየው የመጀመሪያው ነገር ማን መመዝገብ ይችላል የሚለው ነው። የጀርመኑ ዶት ዲኢ ለማንኛውም አገር ሰው ክፍት ነው። የካናዳው ዶት ሲኤና የአውስትራሊያው ዶት ኤዩ ግን አመልካቹ ከአገሩ ጋር ያለውን ግንኙነት፣ ለምሳሌ ዜግነትን፣ ነዋሪነትን ወይም በአገሩ የተመዘገበ ድርጅትን፣ እንዲያሳይ ይጠይቃሉ። የጃፓኑ ዶት ጄፒ በጃፓን ውስጥ አድራሻ ይፈልጋል። ይህ መስፈርት በምዝገባው ቀን ብቻ ተመልክቶ የሚታለፍ አለመሆኑን የአውሮፓ ኅብረት ዶሜይን የሆነው ዶት ኢዩ በግልጽ አሳይቷል። ዩናይትድ ኪንግደም ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ፣ በአገሪቱ አድራሻ የተመዘገቡና ሌላ የኅብረቱ መስፈርት የማያሟሉ ስሞች በ2021 መጀመሪያ ታገዱ፣ በ2022 መጀመሪያ ደግሞ ተሰረዙ። ለዓመታት ሲከፍሉ፣ ገጻቸውን ሲያሠሩ፣ በደንበኞቻቸው ዘንድ ሲታወቁበት የኖሩ ሰዎች ስማቸውን ያጡት ምንም ጥፋት ሳይፈጽሙ፣ መስፈርቱን ማሟላታቸው ስላበቃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የስሙ ደረጃ ነው። ብዙ አገሮች ከኮዱ በፊት መደብ ያስገባሉ፤ ለንግድ ኮም ወይም ኮ፣ ለትምህርት ተቋም ኢዲዩ ወይም ኤሲ፣ ለመንግሥት ጎቭ የሚሉት ይገኙበታል። አንዳንዶቹ በኋላ ያለ መደብ በቀጥታ መመዝገብን ፈቅደዋል፤ ዶት ዩኬ በ2014፣ ዶት ኤዩ በ2022 እንዲህ አድርገዋል። ሁለቱም ዓይነት የሚፈቀድ ከሆነ ሁለቱንም መያዝ ተገቢ ነው፤ አንዱን ብቻ ከያዙ ሌላው በሌላ ሰው እጅ ሊገባና የእርስዎን የኢሜይል ደብዳቤ ሊቀበል ይችላልና። የጊዜው ርዝመትም ይለያያል፤ ዶት ኤዩ ከ1 እስከ 5 ዓመት ሲመዘገብ፣ የአንጉዊላው ዶት ኤአይ ከ2 ዓመት በታች አይመዘገብም።

ፊደላቱ ሌላ ትርጉም ስለሚሰጡ ብቻ የማያውቁትን አገር ኮድ መምረጥም አለ። ዶት ቲቪ የቱቫሉ፣ ዶት ኤአይ የአንጉዊላ፣ ዶት አይኦ የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት፣ ዶት ኤልዋይ የሊቢያ ነው። እነዚህን መጠቀም ስሕተት አይደለም፤ ሆኖም የዚያን አገር ሕግና ዕጣ ፈንታ አብሮ መቀበል መሆኑን ማወቅ ይገባል። በ2010 አንድ የአድራሻ ማሳጠሪያ አገልግሎት የዶት ኤልዋይ ስሙን ያጣው ይዘቱ የሊቢያን ሕግ ይጥሳል ተብሎ ነው። ዩጎዝላቪያ ከፈረሰች በኋላ ዶት ዋይዩ በ2010 ከሥረ መዝገቡ ወጥቷል። ዩናይትድ ኪንግደም የዶት አይኦን ደሴቶች ለሞሪሸስ ለማስረከብ መስማማቷን በ2024 ስታስታውቅ ብዙ ድርጅቶች ስለ ስማቸው መጨነቅ የጀመሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በነፃ የሚሰጥ ስምም ዋስትና የለውም፤ ጋቦን በ2023 ዶት ጂኤ የተባለውን ኮዷን ወደ አገር ውስጥ አስተዳደር ስትመልስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነፃ ስሞች እንዲሰረዙ ተወስኗል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ ከአገሩ ጋር እውነተኛ ግንኙነት ካለዎት የአገሩን ኮድ ይያዙ፣ ከሌለዎት ደግሞ ዋናውን ስምዎን በእሱ ላይ አያቁሙ።

ስሙን መምረጥ

ስሙ በላቲን ፊደላት፣ በቁጥሮችና በሰረዝ ይጻፋል፤ ሰረዝ በመጀመሪያም ሆነ በመጨረሻ አይገባም፣ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ክፍልም ከ63 ምልክቶች አይበልጥም። ይህ ለማንም ቀላል ነው። ለእኛ የሚከብደው አማርኛውን ወደ ላቲን መገልበጡ ነው። “ጸሐይ” የሚለውን ቃል ይውሰዱ፤ አንዱ በቲና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፤ አንዱ በዋይ ይጨርሰዋል፣ ሌላው በአይ፤ መካከሉ ላይም አንዱ ኢ ሲያስገባ ሌላው ኤ ያስገባል። “ቅን” የሚለውን አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፈዋል። ስምዎን የሰማ ሰው ሳይጠይቅዎት ሊጽፈው ካልቻለ፣ ገጽዎን ሊያገኝ የሚችለው ሊንክ ሲላክለት ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ስሙን ለአራት ወይም ለአምስት ሰዎች በስልክ ብቻ ይንገሯቸውና በጽሑፍ መልእክት እንዲልኩልዎት ይጠይቁ። የተቀበሏቸውን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ እሱን ዋና ስም ያድርጉት፤ እርስዎ የወደዱት አጻጻፍ ሌላ ቢሆንም ብዙኃኑን ይከተሉ። በሁለት የተከፈሉ ከሆነ ሁለቱንም አስመዝግበው አንደኛው ወደ ሌላው እንዲመራ ያድርጉ። አምስቱም አምስት ዓይነት ከጻፉ ግን ስሙን ራሱን ያሳጥሩ ወይም ይቀይሩ።

በግዕዝ ፊደል መመዝገብ ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። ላቲን ያልሆኑ የአገር ኮዶች በ2010 በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና በሩሲያ ተጀምረዋል፤ የግዕዝ ፊደልም በሥረ መዝገቡ ላይ የሚገዛበት ደንብ በ2017 ጸድቋል። አሠራሩ ማንኛውንም ፊደል ኤክስ፣ ኤን እና ሁለት ሰረዝ ብሎ ወደሚጀምር የላቲን ኮድ ይለውጠዋል። አንድ የተወሰነ ኮድ የግዕዝ ስሞችን መቀበል አለመቀበሉን ግን የዚያው ሬጂስትሪ ደንብ ይወስነዋል። ቢፈቀድም እንኳ በርካታ የኢሜይል ፕሮግራሞችና ቅጾች እንዲህ ያለውን አድራሻ ስለማይቀበሉ የላቲኑን ስም አብሮ መያዝ ግድ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ ለኮምፒዩተር ፍጹም የተለያዩ ፊደላት መሆናቸውንም አይዘንጉ።

ስሙ ነፃ መሆኑን ከማየት ጎን ለጎን የሌላ ሰው የንግድ ምልክት አለመሆኑንም ያረጋግጡ። መዝገቡ ላይ ክፍት መሆን ብቻውን መብት አይሰጥም።

በማን ስም ይመዝገብ?

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጥ እንዲነበብልኝ እፈልጋለሁ። በፈቃደኝነት የማገለግልበት አንድ ማኅበር ነበር። ድረ ገጹን የሠራልን ባለሙያ ታማኝና ትጉህ ሰው ነበር፤ ሥራ ለማቃለል ብሎ የማኅበሩን የአገር ዶሜይን በራሱ ስም፣ በራሱ አካውንት አስመዘገበው። የመገናኛ ኢሜይል አድርጎ የሞላው ደግሞ በዚያው ዶሜይን ላይ የተከፈተውን የማኅበሩን አድራሻ ነበር። ሁለት ጊዜ አደሰልን፤ ከዚያ ሥራ ቀይሮ ራቀ። የእድሳቱ ማስታወቂያ ሲላክ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ስሙ ጊዜው አልፎ ሲታገድ ሳጥኑም አብሮ ታገደ፤ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ሊደርስበት የነበረው አድራሻ ራሱ መሥራት አቆመ።

ለሬጂስትራሩ ደውለን ማኅበሩን የሚገልጽ ሰነድ ሁሉ እንዳለን ስንናገር፣ የተሰጠን መልስ ትሕትና የተሞላበትና ትክክል ነበር፤ “መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ነው ሊጠይቀን የሚችለው” አሉን። ሰውየውን ፈልገን አግኝተን፣ እሱ ለረጅም ጊዜ ያልከፈተውን አካውንት የይለፍ ቃል እስኪያስመልስ ድረስ ቀናት አለፉ፤ ስሙን ያተረፍነው የመሰረዣው ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። በእነዚያ ቀናት ለማኅበሩ የተላኩት ደብዳቤዎች ሁሉ ወደ ላኪዎቻቸው ተመልሰዋል። ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ በማን ስም እንደተመዘገበ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን አናውቅምና።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ተመዝጋቢ በሚለው ቦታ ላይ የድርጅቱን ሕጋዊ ስም፣ በንግድ ፈቃዱ ወይም በምዝገባ የምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሙሉ፤ ስሙ የግልዎ ከሆነ ደግሞ በመታወቂያዎ ላይ ያለውን ሙሉ ስም ይሙሉ። በላቲን የተጻፈው ስምዎ ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ፊደል ከተለያየ፣ በኋላ ማንነትዎን ለማረጋገጥ ይቸገራሉ። አካውንቱን ራስዎ ይክፈቱት፤ ባለሙያ የሚሠራልዎት ከሆነ በቴክኒክ ተጠሪነት ይመዝገብ ወይም የተወሰነ መዳረሻ ይሰጠው። የመገናኛ ኢሜይሉ ፈጽሞ በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ አድራሻ አይሁን። ድርጅት ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሰዎች የሚያነቡት ሌላ አድራሻ ይመደብ። ተመዝግቦ ካለቀ በኋላም ሁይዝ በሚባለው የመዝገብ መፈለጊያ ወይም በሬጂስትራሩ አካውንት ውስጥ የተጻፈውን በዓይንዎ ይዩ፣ ገጹን አትመው ከደረሰኙ ጋር በአንድ ፋይል ያኑሩት። ብዙ አገሮች የግለሰቦችን ዝርዝር ከሕዝብ እይታ ስለሚሸፍኑ ሁይዝ ላይ ስምዎን ባያገኙ አይደንገጡ፤ ዋናው በአካውንቱ ውስጥ ያለው ነው።

ማመልከትና መክፈል

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው። ስሙን በሬጂስትራሩ ገጽ ላይ ፈልገው ነፃ መሆኑን ያረጋግጣሉ፣ ቅጹን ይሞላሉ፣ መስፈርት ያለበት ኮድ ከሆነ ሰነዱን ያያይዛሉ፣ ይከፍላሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ብቻ ሳይሆን የእድሳቱን ዋጋም ይመልከቱ፤ አንዳንድ ሻጮች መግቢያውን በጣም ዝቅ አድርገው እድሳቱን ከፍ ያደርጉታል። ከተመዘገቡ በኋላ ኢሜይልዎን እንዲያረጋግጡ ሊንክ ከደረሰዎት በዚያው ቀን ይክፈቱት፤ ሳያረጋግጡ ከቆዩ ስሙ ሊታገድ ይችላል። እንደ ዶት ዲኢ ያሉ ኮዶች ስሙን ከማስነሣታቸው በፊት ኔም ሰርቨሮቹ፣ ማለትም ስሙ የት እንደሚገኝ ለሚጠይቅ የሚመልሱት ኮምፒዩተሮች፣ በትክክል መልስ የሚሰጡ መሆናቸውን ስለሚፈትሹ፣ ሆስቲንጉን (ገጹ የሚቀመጥበትን የሰርቨር አገልግሎት) አስቀድሞ ማዘጋጀት ሊያስፈልግ ይችላል።

ስሙን ከገጹ ጋር ማገናኘት

የተመዘገበ ስም ብቻውን የትም አያደርስም። አንድ ሰው አድራሻዎን ሲጽፍ የእሱ ኮምፒዩተር በመጀመሪያ ሥረ መዝገቡን “ይህን የአገር ኮድ ማን ይዞታል?” ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የአገሩን መዝገብ “የዚህ ስም ኔም ሰርቨሮች የትኞቹ ናቸው?” ይለዋል፤ በመጨረሻ ኔም ሰርቨሩን ትክክለኛውን የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ገጹ ያለበትን ሰርቨር መለያ ቁጥር፣ ይጠይቀዋል። እርስዎ የሚሞሉት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መልስ ነው። በሬጂስትራሩ አካውንት ውስጥ የሆስቲንግዎን ወይም የዲኤንኤስ (ስሞችን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት) አገልግሎት ሰጪዎን ኔም ሰርቨሮች፣ ቢያንስ ሁለት፣ ያስገባሉ። ከዚያ በኋላ ሪከርዶቹ፣ ማለትም ስሙ ወዴት እንደሚመራ የሚናገሩት መስመሮች፣ የሚጻፉት በዚያው በኔም ሰርቨሩ በኩል ነው፤ ሬጂስትራሩ ዘንድ ያለውን የድሮ ሪከርድ እየቀየሩ “ለምን አልሠራም?” የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

አንድ ቀላል ምሳሌ በቅርበት እንይ። ሰርቨርዎ ያለው በአይፒ አድራሻ 192.0.2.10 ላይ ነው እንበል። ለዋናው ስም ኤ የሚባለውን ሪከርድ ይከፍቱና በስም ቦታ ላይ የ“@” ምልክት፣ በዋጋ (ቫልዩ) ቦታ ላይ 192.0.2.10 ይጽፋሉ። ሰርቨሩ የአዲሱ ትውልድ አይፒ ካለው ኳድ ኤ የተባለውን ሪከርድም ይጨምራሉ። በሦስት ደብሊው ለሚጀምረው አድራሻ ሲኔም የሚባለውን ሪከርድ ከፍተው ወደ ዋናው ስም እንዲያመለክት ያደርጋሉ። ሲኔምን በዋናው ስም ላይ ራሱ አያስገቡት፤ ሲኔም ያለበት ስም ሌላ ሪከርድ ሊኖረው ስለማይችል ኢሜይልዎን ያቋርጠዋል። ስም በሚለው ቦታ ላይ ሙሉውን ዶሜይን መጻፍም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ብዙዎቹ ፓነሎች ዶሜይኑን ከኋላ ራሳቸው ስለሚጨምሩ ስሙ ሁለት ጊዜ ተደግሞ የማይሠራ ሪከርድ ይፈጠራል።

ከዚህ ጋር ቲቲኤል የሚባል ቁጥር አለ፤ ሌሎች ኮምፒዩተሮች መልሱን ስንት ሰከንድ ያህል ይዘው እንደሚቆዩ ይናገራል። ቲቲኤሉ 86400 ከሆነ መልሱ ለ24 ሰዓት ይቀመጣል። ሰርቨር ሊቀይሩ ሲያስቡ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ቁጥሩን ወደ 300 ዝቅ ያድርጉት፤ የድሮው መልስ ከሁሉም ቦታ ተሟጥጦ ሲያልቅ አይፒውን ይቀይሩ፤ ለውጡ በአምስት ደቂቃ ገደማ ይዳረሳል። ሥራው ከተረጋጋ በኋላ ወደ 3600 ይመልሱት። “እስከ 48 ሰዓት ይጠብቁ” የሚባለው የኔም ሰርቨር ለውጥን የሚመለከት ነው፤ በአንዳንድ የአገር መዝገቦች ውስጥ የኔም ሰርቨሩ መልስ 172800 ሰከንድ፣ ማለትም ልክ 48 ሰዓት፣ እንዲቆይ ስለሚደረግ ነው። ያንን ቁጥር እርስዎ መቀነስ አይችሉም፤ ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ቀናት የድሮውም ሰርቨር እየሠራ ይቆይ።

ገጹ ሲከፈት ግንኙነቱን የሚመሰጥረውን የኤችቲቲፒኤስ የምስክር ወረቀት ያስገቡለት፤ እንደ ሌትስ ኢንክሪፕት ያሉ አገልግሎቶች በነፃ ይሰጣሉ፣ ሆስቲንጎችም ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ያድሱታል።

ኢሜይሉን ማስተካከል

ብዙ ሰው ገጹ ከታየለት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ በእኔ እይታ ግን የአገር ዶሜይን ትልቁ ጥቅም በራስ ስም የሚላክ ኢሜይል ነው፤ ለዚህም የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ደብዳቤ የሚቀበለውን ሰርቨር የሚናገረው ኤምኤክስ የተባለው ሪከርድ ነው። ኔም ሰርቨር በሚቀየርበት ጊዜ የድሮዎቹን ኤምኤክስ ሪከርዶች አስቀድመው ወደ አዲሱ ካልገለበጡ፣ ገጹ በአዲሱ ቦታ እየተከፈተ ደብዳቤው ግን ይጠፋል።

ለመላክ ደግሞ ሦስት የጽሑፍ ሪከርዶች ያስፈልጋሉ። ኤስፒኤፍ በስምዎ መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ለአንድ ስም አንድ የኤስፒኤፍ ሪከርድ ብቻ ይፈቀዳል፤ ሁለተኛ አገልግሎት ሲጨምሩ በነበረው ላይ ያክሉት እንጂ አዲስ አይክፈቱ። በውስጡ የሚደረጉት የዲኤንኤስ ፍለጋዎች ከ10 ከበለጡም አይሠራም። ዲኪም እያንዳንዱን ደብዳቤ በምሥጢር ቁልፍ ይፈርማል። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱን ያላለፈ ደብዳቤ ምን እንዲደረግበት እንደሚፈልጉ ለተቀባዩ ይነግራል። ዲማርክን ሲጀምሩ ሪፖርት ብቻ በሚጠይቀው ደረጃ ይተዉት፤ ለጥቂት ሳምንታት ሪፖርቶቹን አንብበው በስምዎ በሕጋዊ መንገድ የሚልኩትን ሁሉ ካወቁ በኋላ ደብዳቤውን ወደ አይፈለጌ ሳጥን ወደሚያስገባው፣ ከዚያም ጨርሶ ወደሚመልሰው ደረጃ ያሳድጉት። ጂሜይልና ያሁ ከ2024 ጀምሮ በብዛት ከሚልኩ ላኪዎች ይህንን ስለሚጠይቁ ጉዳዩ የምርጫ መሆኑ ቀርቷል። በስሙ ጨርሶ ኢሜይል የማይልኩ ከሆነ ደግሞ ማንም እንዳይልክ የሚከለክል የኤስፒኤፍ ሪከርድ ያስገቡ፤ አጭበርባሪዎች የሚወዱት ባለቤቱ የዘነጋውን ስም ነው።

መጠበቅና ማደስ

የሬጂስትራሩ አካውንት ከድረ ገጹ የይለፍ ቃል ይበልጥ መጠበቅ አለበት፤ ዶሜይኑን የያዘ ሰው ገጹንም፣ ኢሜይሉንም፣ በኢሜይሉ የተከፈቱትን አካውንቶች ሁሉ ይይዛል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ፣ ስሙ ያለ ፈቃድዎ ወደ ሌላ ሬጂስትራር እንዳይዛወር የሚከለክለው የዝውውር ቁልፍ መዘጋቱን ያረጋግጡ። ከፍ ያለ አደጋ ላለባቸው ስሞች አንዳንድ ሬጂስትሪዎች ያለ ሰው ማረጋገጫ ምንም ለውጥ የማይፈቅድ ቁልፍ ይሰጣሉ። ዲኤንኤስሴክ የሚባለው ፊርማ የዲኤንኤስ መልሶች እንዳይጭበረበሩ ይከላከላል፤ በሥረ መዝገቡ ላይ የተጀመረው በ2010 ነው። ካበሩት ግን አንድ ነገር ያስታውሱ፦ የዲኤንኤስ አገልግሎት ሰጪ ከመቀየርዎ በፊት በአገሩ መዝገብ ላይ ያለውን፣ የፊርማውን ቁልፍ የሚያመለክተውን ዲኤስ ሪከርድ ያንሡና ጊዜው እስኪያልፍ ይጠብቁ፤ አለዚያ የድሮው ፊርማ ከአዲሱ ሰርቨር ጋር ስለማይገጥም ገጽዎ ለብዙ ሰዎች ፈጽሞ አይከፈትም።

እድሳትን በተመለከተ የአገር ዶሜይኖች የእፎይታ ጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። የኔዘርላንድሱ ዶት ኤንኤል የተሰረዘ ስም ለ40 ቀናት በማቆያ ያስቀምጣል። ለዶት ኮም የለመዱትን ጊዜ ቆጥረው ከተቀመጡ ስምዎ ሳይጠብቁት ለሌላ ሊከፈት ይችላል። ራስ ሰር እድሳት ይብራ፤ ነገር ግን በእሱ ብቻ አይተማመኑ፤ የክፍያ ካርድ ጊዜው ያልፋል፣ አንዳንድ ሬጂስትራሮችም ለአገር ኮዶች ይህን አገልግሎት አይሰጡም። ከማለቂያው 60 ቀን ቀድሞ የሚያስታውስ ማስታወሻ በሁለት ሰዎች የቀን መቁጠሪያ ላይ ይግባ። “ስምዎ ሊያልቅ ነው፣ በዚህ ሊንክ ይክፈሉ” የሚል ደብዳቤ ሲመጣም ሊንኩን ሳይነኩ በቀጥታ ወደ ሬጂስትራሩ አካውንት ገብተው ቀኑን ያረጋግጡ።

ማዛወር፣ ክርክርና መተው

ወደ ሌላ ሬጂስትራር መዛወር ሲያስፈልግ አብዛኞቹ ኮዶች በአሁኑ ሬጂስትራር የሚሰጥ የምሥጢር ኮድ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶች ግን በተፈረመ ቅጽ ወይም በሌላ መንገድ ያዛውራሉ። የኢንተርኔት ስሞችን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን ለዶት ኮምና ለመሰሎቹ ያወጣው የዝውውር ደንብ የአገር ኮዶችን አይገዛም፤ እዚህም ወደ ሬጂስትሪው ሰነድ መመለስ ነው። ሬጂስትራርን መለወጥና ተመዝጋቢን መለወጥ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውንም ልብ ይበሉ። ንግድ ሲሸጥ ወይም ድርጅት ስሙን ሲቀይር ሁለተኛው ያስፈልጋል፤ ክፍያና አዲስ ሰነድም ሊጠየቅ ይችላል።

ሌላ ሰው በንግድ ምልክትዎ ቢመዘግብ፣ በርካታ የአገር ኮዶች ክርክሩን በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል እንዲታይ ፈቅደዋል፤ እንደ ዶት ዩኬ ያሉት ደግሞ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በሁሉም ዘንድ ማስረጃ የሚሆነው ስሙን ከመቼ ጀምሮ በንግድ ሥራ ላይ እንዳዋሉት የሚያሳይ ሰነድ ስለሆነ ደረሰኞችንና የድሮ ማስታወቂያዎችን አይጣሉ።

አንድን ስም መጠቀም ሲያቆሙም ወዲያውኑ አይልቀቁት። አሮጌው ስም ሲሰረዝ የሚመዘግበው ማንም ሰው ኤምኤክስ ሪከርድ ከፍቶ በድሮው አድራሻዎ የሚላከውን ሁሉ፣ የባንክ መልእክቶችንና የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንኮችን ጭምር፣ መቀበል ይችላል። በመጀመሪያ በዚያ ኢሜይል የተከፈቱ አካውንቶችን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አድራሻ ያዛውሩ፤ ገጹን ወደ አዲሱ ስም ያመልክቱ፤ ከዚያም ቢያንስ ለአንድ ወይም ለሁለት የእድሳት ዘመን እየከፈሉ ያቆዩትና ወደ አሮጌው ሳጥን የሚገባውን ደብዳቤ ይከታተሉ። ከማስታወቂያና ከአይፈለጌ መልእክት ሌላ ምንም የማይገባበት ጊዜ ሲደርስ እድሳቱን መተው ይችላሉ።